በኦንላይን ሲሸጡ የተመላሽ ዕቃ የመላኪያ ክፍያንና የገንዘብ ተመላሽን የማስተናገጃ መመሪያ

በፒያሳ፣ በአምባሳደርና በሜክሲኮ ሱቆች ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዴም በደረሰኝ ግርጌ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ነው። ገዢው ዕቃውን ዳስሶ፣ ለክቶና ተከራክሮ በሚገዛበት ሱቅ ይህ አባባል ከልማድ የመጣ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ዕቃውን በቴሌግራም ቻናል ወይም በቲክቶክ ቪዲዮ ብቻ አይቶ፣ ገንዘቡን በቴሌብር ልኮ፣ ቢሮው በር ላይ ሞተረኛ ለሚጠብቅ ደንበኛ ግን ጨርሶ አይሠራም። ሕጉም ቢሆን ከዚህ አባባል ጋር አይስማማም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የኦንላይን ሻጭ ሊጨነቅበት የሚገባው ጥያቄ ዕቃ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለው ሳይሆን፣ ሲመለስ የሞተረኛውን ሂሳብ ማን ይከፍላል፣ ገንዘቡስ በምን ያህል ጊዜና በየትኛው መንገድ ይመለሳል የሚለው ነው። ይህ መመሪያ በመሐል አዲስ አበባ በሱቅ፣ በጋራ ሱቅ ወይም ከቤት ሆነው ለሚሸጡ ሰዎች፣ ሥራውን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. ደንቡን ከሽያጩ በፊት ይጻፉ

በተመላሽ ዕቃ ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከገንዘቡ መጠን ሳይሆን፣ ነገሩ አስቀድሞ ባለመነገሩ ነው። ሁለት መቶ ብር ለብዙ ደንበኞች የሚያጣላ ገንዘብ አይደለም፤ ዕቃውን ከመለሱ በኋላ በድንገት «ይህ ይቀነሳል» ሲባሉ ግን እንደተታለሉ ይቆጥሩታል። ስለዚህ የመመለሻ ደንብዎን በአጭሩ ጽፈው በቻናልዎ ላይ ከላይ ይሰኩት፤ እያንዳንዱ ደንበኛ ትእዛዙን ሲያረጋግጥም ሒሳብ ቁጥርዎን ከመላክዎ በፊት ደንቡን ይላኩለት። ሒሳብ ቁጥሩ ከተላከ በኋላ የሚላክ ደንብ ማንም አያነበውም።

የሚከተለውን እንደ መነሻ ወስደው እንደ ዕቃዎ ዓይነት ማስተካከል ይችላሉ፦

«የደረሰዎት ዕቃ ካዘዙት የተለየ ከሆነ ወይም ጉድለት ካለበት በ15 ቀናት ውስጥ ያሳውቁን። ዕቃውን የምናስመልሰው በራሳችን ወጪ ሲሆን፣ የከፈሉትን ዋጋም የመላኪያ ክፍያውን ጨምረን እንመልሳለን ወይም ዕቃውን እንቀይራለን። ዕቃው ትክክል ሆኖ ሐሳብዎን ከቀየሩ ግን፣ ካልተጠቀሙበትና ማሸጊያውና ምልክቱ ካልተነሣ፣ በ3 ቀናት ውስጥ ሊመልሱት ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ የመሄጃውና የመመለሻው የመላኪያ ክፍያ በእርስዎ ይሸፈናል። የውስጥ ልብስና የተከፈተ መዋቢያ ጉድለት ከሌለባቸው በስተቀር አይመለሱም።»

ሦስቱ ቀናት ሐሳብ ለቀየረ ደንበኛ ብቻ እንደሚሠሩ ልብ ይበሉ፤ ጉድለት ላለበት ዕቃ አዋጁ የሰጠውን ጊዜ በራስዎ ደንብ ማሳጠር አይችሉም። ደንቡንም ሆነ የደንበኛውን ስምምነት በጽሑፍ ማስቀረት ጠቃሚ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ስለሚደነግግ፣ የቴሌግራም ጽሑፍዎ ከባዶ ቃል እጅግ የተሻለ ማስረጃ ነው። በስልክ የተስማሙትንም ቢሆን ወዲያው በአንድ መልእክት ደግመው ይጻፉት።

2. የመላኪያ ክፍያውን ከዕቃው ዋጋ ለይተው ያሳዩ

«ዴሊቨሪ በነፃ» ብሎ ማስተዋወቅ ገዢ ይስባል፤ ዕቃው ሲመለስ ግን ሂሳቡን ያወሳስበዋል፤ ምክንያቱም ከተከፈለው ውስጥ የዕቃው ስንት፣ የመላኪያው ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ነገር የለም። ጫማው 2,300 ብር፣ መላኪያው 200 ብር፣ ድምሩ 2,500 ብር ብለው ቢጽፉ ግን ሁለቱም ወገን የሚመለሰውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

እንዲሁም ዕቃው ሲደርስ በሚከፈል ሽያጭ ላይ ቢያንስ የመላኪያ ክፍያውን አስቀድመው ይቀበሉ። ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ አዲስ ደንበኛን ሊያስፈራው ይችላል፣ ደግሞም ስጋቱ አግባብ ነው፤ ምንም ሳይቀበሉ መላክ ደግሞ ስልኩን የሚዘጋውን ሰው ወጪ በእርስዎ ላይ ይጥላል። የመላኪያውን ብቻ መቀበል ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው፤ በእርግጥ መግዛት የማይፈልግ ሰው ሁለት መቶ ብር አይልክም።

3. ከሞተረኛው ጋር ስለ መመለሻው ጭምር ይስማሙ

ብዙ ሻጮች ከሞተረኛ ጋር የሚነጋገሩት ስለ መሄጃው ብቻ ነው። ደንበኛው በር ላይ ዕቃውን አይቶ «አልፈልገውም» ሲል ግን ሞተረኛው የመመለሻም ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ያለ አግባብ አይደለም። ይህን አስቀድመው በሦስት ይክፈሉት። አንደኛ፣ ዕቃው በር ላይ ተመልሶ በዚያው ጉዞ ወደ እርስዎ ሲመጣ ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን ለመክፈል ይስማሙ፣ ሞተረኛው ለማንኛውም ወደ መሐል ከተማ መመለሱ ስለማይቀር። ሁለተኛ፣ ከቀናት በኋላ ዕቃውን ብቻ ለማምጣት ሲሄድ ሙሉ ዋጋ ይከፈለዋል። ሦስተኛ፣ ወደዚያው ሰፈር ሌላ ዕቃ ይዞ ሲሄድ ተመላሹን አያይዞ ቢያመጣ አነስተኛ ተጨማሪ ይከፈለዋል። ይህ ሦስተኛው መንገድ ብዙ ወጪ ያድናል፤ ከሜክሲኮ የሚመለስ ዕቃ ወደ ልደታ ወይም ወደ ሳር ቤት የሚሄድ ትእዛዝ እስኪገኝ አንድ ቀን ቢቆይ፣ ለደንበኛው በግልጽ እስከነገሩት ድረስ፣ ማንንም አይጎዳም።

ዕቃውን ለሞተረኛው ከማስረከብዎ በፊት ከነማሸጊያው ፎቶ ያንሡ። በክረምት ካርቶኑን በላስቲክ ይጠቅልሉት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ርሶ የሚመለስ ዕቃ የዚህ ቸልታ ውጤት ነው። ከተማ ውስጥ በሞተር የማጓጓዝ ሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ፈቃድና ሰሌዳ ካለው ሞተረኛ ጋር ብቻ ይሥሩ፤ መንገድ ላይ በተያዘ ሞተር ላይ የቀረ ዕቃ የእርስዎ ኪሳራ ነው።

አድራሻንም እንደ ወጪ ይቁጠሩት። በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ግንባታው ምክንያት በፒያሳና በካዛንቺስ ሰው አድራሻ ይነግርባቸው የነበሩ ብዙ ምልክቶች ፈርሰዋል፤ ደንበኛው ግን ከልማድ የተነሣ እስካሁን በእነዚያው ይጠራቸዋል። ሞተረኛው የሌለ ሱቅ ሲፈልግ ተንከራትቶ ባዶ እጁን ቢመለስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ስለሚያስቸግር፣ ከስልክ ቁጥሩ ጋር በቴሌግራም የሚላክ ሎኬሽን ይጠይቁ፤ ሞተረኛው ከመነሣቱ በፊትም ደንበኛው ስልክ ማንሣቱን ያረጋግጡ።

4. ጥያቄው ሲመጣ መጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ

ደንበኛው «ልመልሰው እፈልጋለሁ» ሲል በመጀመሪያው መልእክት ስለ ገንዘብ አይከራከሩ። የዕቃውን፣ የችግሩን ቦታና የማሸጊያውን ፎቶ ይጠይቁ፤ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ደግሞ አጭር ቪዲዮ። ወጪውን የሚሸፍነው ምክንያቱን የፈጠረው ወገን ነውና፣ ምክንያቱ ከታወቀ ቀሪው ሂሳብ ብቻ ይሆናል።

ጥፋቱ የሻጩ ሲሆን፣ ማለትም የተሳሳተ ቀለም ወይም ቁጥር ሲላክ፣ ዕቃው ጉድለት ሲኖርበት ወይም ከፎቶው ሲለይ፣ በላይ በጠቀስነው የጫማ ምሳሌ ደንበኛው ሙሉ 2,500 ብሩን ይቀበላል፣ የመመለሻውን 200 ብርም እርስዎ ለሞተረኛው ይከፍላሉ። በድምሩ የደረሰብዎ የማጓጓዣ ኪሳራ 400 ብር ነው፤ ከዚህ ላይ ሳንቲም እንኳ ወደ ደንበኛው ማዞር ተገቢ አይደለም። ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር ደግሞ የመሄጃው 200 ብር አይመለስም፤ የመመለሻውንም ራሱ ለሞተረኛው ከከፈለ 2,300 ብር፣ እርስዎ ከከፈሉለት ደግሞ 2,100 ብር ይመለስለታል። ዕቃው መንገድ ላይ ከተጎዳ ደንበኛው ልክ እንደ ሻጭ ጥፋት ይስተናገዳል። ከሞተረኛው ወይም ከአመላላሽ ድርጅቱ ጋር ያለዎት ሂሳብ የእርስዎ የብቻ ጉዳይ ነው፤ «እሱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» ማለት ደንበኛው ያልገባበት ውል ውስጥ እሱን ማስገባት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው የቁጥር ጉዳይ ነው። ደንበኛዋ 38 አዛለች፤ ጫማው ላይም 38 ተጽፏል፤ እግሯ ግን አይገባም። ሻጩ የጠየቀችውን ልኳል፣ ደንበኛዋም የምታደርገውን ቁጥር ተናግራለች፣ ስለዚህ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር ሻጩ የጫማውን የውስጥ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለክቶ አስቀድሞ መጻፍ አለመጻፉ ነው። ጽፎ ከሆነ ለመለካት ዕድሉ ስለነበራት ወጪው የደንበኛዋ ይሆናል፤ ካልጻፈ ግን 38 ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ እንደሚለያይ የሚያውቀው ሻጩ ስለሆነ ቢያንስ የመመለሻውን ወጪ ግማሽ ሊሸከም ይገባዋል። የልብስም ነገር እንዲሁ ነው፤ «ሚዲየም» ብሎ መተው ለጭቅጭቅ በር መክፈት ሲሆን፣ የደረቱን፣ የወገቡንና የቁመቱን ልክ መጻፍ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ለቀሚስና ለጫማ የሚረዳ አንድ አሠራር አለ፤ ሞተረኛው በር ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል እንዲጠብቅ አስቀድመው ይስማሙ። ደንበኛዋ ከቢሮ ወጥታ የሕንፃው እንግዳ መቀበያ ላይ ቁጭ ብላ ጫማውን በካልሲ ትለካለች፤ ሶሉ መሬት አይነካም፤ ካልሆነላት በዚያው ካርቶን ተመልሶ በግማሽ የመላኪያ ክፍያ ይመለሳል። ለአሥሩ ደቂቃ ለሞተረኛው የሚጨመርለት ጥቂት ብር ለብቻው ከሚደረግ የመመለሻ ጉዞ እጅግ ይረክሳል።

5. መመለሱ ራሱ ትርፍ አለው ወይ ብለው ያስሉ

የ350 ብር የስልክ ሽፋን ለማስመለስ 200 ብር ማውጣት፣ ለዚያውም ዕቃው እንደገና የማይሸጥ ከሆነ፣ ትርጉም የለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ለደንበኛው ሁለት አማራጭ ያቅርቡ፦ ዕቃውን እዚያው ይዞ ከዋጋው ከፊሉ ይመለስለታል፣ ወይም በሚቀጥለው ትእዛዝ ትክክለኛው አብሮ ይላክለታል። አማራጩን የሚመርጠው ደንበኛው መሆን አለበት፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃ «ከነጉድለቱ ያዘው» ብሎ ማስገደድ መብቱን መንፈግ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ የተላከ ዕቃ ላይ ይህ ስሌት ይበልጥ ያስፈልጋል። ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የተላከ ዕቃ ሲመለስ የጭነቱ ሂሳብ ብቻ ሳይሆን ከመናኸሪያ እስከ ሱቅዎ ያለው የሞተረኛ ክፍያም ይጨመራል። ለከበደ ወይም ለውድ ዕቃ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋና ፖስታ ቤት የሚላከው ፈጣን መልእክት መከታተያ ቁጥርና ደረሰኝ ስላለው፣ ዕቃው ቢጠፋ የሚጠየቅ አካል ይኖራል።

6. ዕቃው ሲደርስ ይፈትሹ፣ ውጤቱንም በዚያው ቀን ያሳውቁ

ፍተሻው ቀላልና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። የጫማ ሶል ላይ የመንገድ አቧራ ወይም ጭረት፣ የልብስ አንገትጌ ላይ የፊት ቅባት ወይም ሽቶ፣ ብብቱ ሥር ላብ፣ የተቆረጠ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ስልክ ሲሸጡ ደግሞ ከመላክዎ በፊት ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል (*#06#) ደውለው የሚወጣውን 15 አኃዝ ያለው የመለያ ቁጥር በፎቶ ይያዙ፤ ሲመለስም እንዲሁ አድርገው ያመሳክሩ። ይህን ያላደረገ ሻጭ አዲስ ስልክ ሸጦ አሮጌ ቢመለስለት የሚያስረዳበት ነገር የለውም።

ዕቃው ተጠቅመውበት የተመለሰ መሆኑን ካዩ ፎቶውን ከመልእክት ጋር ይላኩ፤ ቃልዎም የተቆጠበ ይሁን። «እህቴ፣ ጫማው ደርሶናል፤ ሶሉ ላይ በፎቶው የሚታየው ጭረት ስላለ እንደ አዲስ ልንሸጠው አንችልም። ከዋጋው 400 ብር ቀንሰን ቀሪውን ዛሬ ብንልክልዎ ወይስ ጫማውን መልሰን ብንልክልዎ ይሻልዎታል?» የሚል መልእክት መፍትሔ ያመጣል። «ለብሰሽ መለስሽው» የሚል መልእክት ግን ደንበኛዋን ከማሳጣት በቀር አንዳች አይፈይድም፣ እውነት ቢሆን እንኳ።

7. ገንዘቡን በመጣበት መንገድ ይመልሱ

ፍተሻው ካለቀ በኋላ ገንዘቡን በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ይመልሱ። ገንዘቡ በቴሌብር ከመጣ ወደዚያው ስልክ ቁጥር፣ ከንግድ ባንክ ሒሳብ ከመጣ ወደዚያው ሒሳብ ይላኩ። ደንበኛው «ለወንድሜ ሒሳብ ላክልኝ» ቢል በትሕትና ይከልክሉ፤ በማጭበርበር የተላከ የሌላ ሰው ገንዘብ በተመላሽ ስም በእርስዎ በኩል ሊያልፍ ስለሚችልና በኋላ የገንዘቡ ባለቤት ሲመጣ የሚጠየቁት እርስዎ ስለሆኑ ነው። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለን ግን ደንበኛው ራሱ በመረጠው የራሱ ሒሳብ መመለስ ይቻላል፤ ስሙን ከመላክዎ በፊት ያመሳክሩ።

ከመመለስዎ በፊት ደግሞ ክፍያው መጀመሪያውኑ መግባቱን በራስዎ ሒሳብ ላይ ያረጋግጡ። የተቀነባበረ ስክሪንሾት ልኮ ዕቃ የሚወስድ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ያልከፈለውን «መልስልኝ» የሚልም አለ። ከንግድ ባንክ የሚመጣው ደረሰኝ በኤፍቲ ፊደላት የሚጀምር የግብይት ቁጥር አለው፤ በቴሌብርም እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ የግብይት ቁጥር አለው። ሁለቱንም፣ የገባበትንና የተመለሰበትን፣ ጎን ለጎን ይመዝግቡ። የማስተላለፊያ ክፍያ ካለ ጥፋቱ የእርስዎ በሆነ ጊዜ ከሚመለሰው ላይ አይቀንሱ።

«ገንዘቡን በስሕተት ነው የላክሁት፣ መልስልኝ» ብሎ ለሚደውል ማንነቱ ለማይታወቅ ሰው ደግሞ በግል ከመመለስ ይልቅ ባንኩን ወይም የቴሌብር ደንበኞች አገልግሎትን እንዲያነጋግር ይንገሩት።

8. ግብርን የሚመለከተውን አይዝለሉ

የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ የዚያ የ2,300 ብር ጫማ ዋጋ ውስጥ 300 ብሩ፣ ማለትም በ2,000 ብር ላይ 15 በመቶው፣ የመንግሥት ነው። ሽያጩ ፈርሶ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ይህንኑ የሚያሳይ ክሬዲት ኖት የሚባል ሰነድ ካልተዘጋጀ፣ ላልተካሄደ ሽያጭ 300 ብር ታክስ ሊያሳውቁ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ከደንበኛው ይቀበሉ፣ ከተመላሹ ሰነድ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ፣ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ላይ ስለሚደረገው ነገርም የሒሳብ ባለሙያዎን ያማክሩ። ደረሰኙን ቀዶ መጣል መፍትሔ አይደለም።

9. የተመላሹን ወጪ በዋጋዎ ውስጥ ያስገቡ

ለእያንዳንዱ ተመላሽ ቀኑን፣ ዕቃውን፣ ምክንያቱን፣ የመሄጃና የመመለሻ ወጪውን፣ የተመለሰውን ገንዘብና የግብይት ቁጥሩን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ተራ ደብተር ይበቃል። ከ100 መላኪያ 6ቱ በእርስዎ ጥፋት ተመለሱ እንበል፤ እያንዳንዱ 400 ብር ካስወጣ ድምሩ 2,400 ብር፣ ለአንድ መላኪያ ሲከፋፈል ደግሞ 24 ብር ይሆናል። ይህን 24 ብር አስቀድሞ ዋጋው ላይ የጨመረ ሻጭ ተመላሽ ሲመጣ አይደነግጥም፣ ከደንበኛም ጋር አይጨቃጨቅም።

ደብተሩ በወሩ መጨረሻ ሌላም ነገር ያሳያል። ተመላሾቹ ከአንድ አቅራቢ በመጣ ጫማ ላይ ከተከማቹ፣ ከቻናሉ ላይ አውርደው ቀሪውን ለመርካቶው አቅራቢ ይመልሱ፤ በተመሳሳይ ምክንያት ላይ ከተከማቹ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ቀለሙ ከፎቶው ይለያል» የሚለው ከተደጋገመ፣ በቢሮ መብራት የተነሣውን ፎቶ በመስኮት ብርሃን ደግመው አንሥተው ይተኩት።